ለቤልጅጉ የትኛው ዘንግ፣ የትኛው ዘይት?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከኢትዮጵያ ወደዚህ ከገቡት አሮጌ ጠመንጃዎች አንዱን፣ የአንበሳ ምልክት ያለበትን ቤልጅግ፣ በሕጋዊ መንገድ ገዛሁ። የበርሜሉ ውስጥ ጨልሟል፤ ላዩ በደረቀ ዘይትና በአቧራ ተጋግሯል። ከሱቅ ብዙ ዓይነት ዕቃ ያለበት የማጽጃ ሳጥን ገዝቻለሁ፤ የሚገጣጠም የአሉሚኒየም ዘንግ፣ የነሐስና የብረት ብሩሾች አሉት። አባቴ ግን ጠመንጃውን የሚወለውለው ገመድ ላይ ጨርቅ አስሮ፣ በናፍጣ ነክሮ ነበር። ጓደኞቼ ደግሞ ከተኩስ በኋላ የፈላ ውሃ አፍስስበት፣ የመስታወት ማጽጃም ይሆናል ይሉኛል። በ1950ዎቹ ዩጎዝላቪያ ውስጥ የተሠራ ጥይት ስላገኘሁ ልተኩስበት አስቤአለሁ። በየትኛው ልጀምር? አንበሳው እንዲያበራስ ምን ልጠቀም?

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት መካሪዎች አሉ፤ ሱቁ፣ አባትዎና ጓደኞችዎ። ከሦስቱ ይበልጥ የተሳሳተው ገንዘብ የከፈሉት ነው። አባትዎ ግማሹን ይዘውታል፣ ጓደኞችዎ ቀሪውን፤ ምክንያቱን ግን ማንም አልነገረዎትም።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ማቀባበያውን ከፍተው ዐይንዎ ያየውን ጣትዎም ይዳስሰው፤ ካዝናውንም፣ ጥይት ማጉረሻውንም። በሚወለውሉበት ክፍል ውስጥ አንድም ጥይት አይኑር። «ሲወለውል ባረቀበት» የሚለውን ወሬ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም፤ የሚባርቀውም ሁልጊዜ «ባዶ ነው» የተባለው ነው።

አሁን ወደ ዘንጉ። የበርሜል ስሱ ቦታ ጥይቱ በመጨረሻ የሚለቀው የአፈሙዙ ጠርዝ ነው። ጥይቱ ከዚያ ሲወጣ ከኋላው የሚገፋው ጋዝ በዙሪያው እኩል ካላመለጠ፣ ገና ከመነሻው ያዘነብላል። ወታደር ለዓመታት የብረት ዘንግ በአፈሙዝ በኩል እየከተተ ሲወለውል ዘንጉ አንዱን ጎን እየፋቀ ክቡን ቀዳዳ ሞላላ ያደርገዋል። በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት። በርሜሉ ውስጥ ጥይቱን የሚያሽከረክሩት ጠመዝማዛ ቦዮች እስከ ጠርዙ ድረስ ጥርት ብለው ከመጡ ዕድለኛ ነዎት። ጠርዙ አካባቢ ሲደርሱ ደብዝዘው የሚጠፉ ከሆነ ግን ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል፤ የእርስዎ ድርሻ አለመጨመር ነው። እጄ ከገቡት አሮጌ በርሜሎች መካከል በተኩስ ብዛት ያለቁት ጥቂት ናቸው፤ በመወልወል ያለቁት ይበዛሉ።

ደግነቱ ቤልጅግዎ በጀርመኑ ማውዘር ንድፍ የተሠራ ነው፤ ከኋላ በኩል ሊወለወል ይችላል። ማቀባበያውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳቡት፤ በግራ በኩል ያለውን ማቆሚያ በጣትዎ ወደ ውጭ ሲፈለቅቁት ማቀባበያው ተስቦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ከማጉረሻው እስከ አፈሙዙ ቀጥ ያለ መንገድ አለዎት። ከበርሜሉ ሥር የተሰካውን የብረት ዘንግ ለቅርስነቱ እዚያው ይተዉት።

የሚገዙት ዘንግ አንድ ወጥ ይሁን። የሳጥንዎ ተገጣጣሚ አሉሚኒየም ሁለት ጣጣ አለበት፤ በየመጋጠሚያው ትንሽ እርከን አለው፤ ሲገፉትም ይለመጣል። የለመጠ ዘንግ የበርሜሉን ግድግዳ እየታከከ ነው የሚሄደው። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው ብለው አይጽናኑ። ለስላሳ በመሆኑ አሸዋና የባሩድ ፍርፋሪ ላዩ ላይ ይሰካበትና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። እኔ ካርቦን ፋይበር ወይም በናይለን የተለበጠ ብረት እመርጣለሁ። ያልተለበጠ የማይዝግ ብረት የሚመርጡ ጎበዝ ባለሙያዎችም አሉ፤ ቆሻሻ አይሰካበትም፣ ቶሎ አይጎብጥም ይላሉ። አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን እጁ ለለመደ ሰው ነው። የየትኛውም ዓይነት ይሁን፣ በርሜል ውስጥ በገባና በወጣ ቁጥር ዘንጉን በጨርቅ ይጥረጉት። ይህን ከሚዘልል ሰው ጋር ስለ ዘንግ ዓይነት መከራከር ትርፍ የለውም።

ውፍረቱ ለ30 ካሊበር (ካሊበር የበርሜል ቀዳዳ ስፋት ነው) የሚሸጠው ለቤልጅጉ 7.92 ሚሊ ሜትር ይስማማል። ለ22 የተሠራውን ቀጭን ዘንግ ለሁሉም ይሆናል ብለው ቢሸጡልዎትም አይውሰዱት። ርዝመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። እጀታው ግን ኩሽኔታ ይኑረው፤ ዘንጉ በእጀታው ውስጥ በነጻነት መዞር አለበት። የዚህ ማውዘር ቦዮች በየ240 ሚሊ ሜትሩ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራሉ። የአጭሩ ዓይነት በርሜል 59 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ብሩሹ ከገባበት እስኪወጣ ዘንጉ ሁለት ተኩል ዙር ገደማ መዞር ይኖርበታል። ዘንጉ ላይ በቀለም አንዲት ነጥብ አድርገው እየገፉ ይመልከቷት። ነጥቧ ካልዞረች ብሩሹ ቦዩን አልተከተለም፤ በቦዮቹ መካከል ያለውን ጉብታ እየዘለለ ጥጉን ሳይነካ ነው የሚያልፈው።

ከዘንጉ ጋር አንድ ነገር ይጨምሩ፤ በማቀባበያው ቦታ የሚገባ የፕላስቲክ መምሪያ ቱቦ። ዋጋው ብዙ አይደለም። ዘንጉን መሃል ለመሃል ይመራዋል፤ የማጽጃ ፈሳሹም ወደ ምላጩና ወደ ሰደፉ እንጨት እንዳይወርድ ይከለክላል። ከሳጥንዎ ስብስብ ሁሉ ይልቅ ይህች አንዲት ቱቦ ትጠቅምዎታለች።

ስለ አባትዎ ገመድ። ሱቁ አይወድደው ይሆናል እንጂ ጦር ሠራዊቶች የሚያውቁት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የጀርመን ጦር ለማውዘሮቹ ያወጣው የማጽጃ ዕቃ ዘንግ አልነበረውም፤ በትንሽ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ብሩሾች፣ የዘይት ዕቃና ከማጉረሻው በኩል ገብቶ በአፈሙዝ የሚሳብ ሰንሰለት ነበረበት። እንግሊዞችም ሊ ኤንፊልድ ለተባለው የጦር ጠመንጃቸው ጫፉ ላይ የናስ ክብደት ያለው ገመድ ሰጥተው በሰደፉ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። ገመድ ስለማይገፋ አይለመጥም፤ ከኋላ ስለሚገባም ቆሻሻውን የሚያወጣው ጥይቱ በሚወጣበት በኩል ነው። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። ገመዱን ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ ወደ ጎን ከጎተቱት አቧራ የያዘ ገመድ የአፈሙዙን ጠርዝ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጨርቁንም አያወፍሩ። መሃል ላይ ተወትፎ ገመዱ ሲበጠስ ብዙ ሰው በብረት ሊገፋው ይሞክራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የባለሙያ ነው፣ ሒሳቡም ይከብዳል። በገበያ ያለው ወፍራም ባለብሩሽ ገመድ ለሜዳ ጥሩ ነው፤ ካልታጠበ ግን ያለፈውን ሳምንት ቆሻሻ መልሶ ይቀባዋል።

ማቀባበያው ወደ ኋላ ተስቦ የማይወጣለት ጠመንጃ ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች፣ ለምሳሌ ኤም 1 ጋራንድ ወይም ካርባይን፣ በዘንግ የምትወለውሉት በአፈሙዝ በኩል ስለሆነ የአፈሙዝ መምሪያ ግዙ፤ አለበለዚያ ገመዱን ምረጡ። ጋራንድን ስትወለውሉ ገልብጣችሁ አስተኙት፤ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ክፍሉ እንዳይገባ።

ከብሩሾቹ የነሐሱን ይያዙ፤ የብረቱን ብሩሽ ከሳጥኑ አውጥተው ለመኪናዎ ባትሪ ጫፎች ያውሉት። የናይለን ብሩሽም ይግዙ፤ የት እንደሚያስፈልግ እመለስበታለሁ። የጨርቅ መግፊያው ጫፍ ድፍን፣ ሹል ያለው ይሁን፤ እንደ መርፌ ዐይን ቀዳዳ ያለው ጫፍ ጨርቁን ወደ አንድ ጎን ስለሚሰበስብ በርሜሉን እኩል አይነካም። ጨርቅ መግዛት እንኳ አያስፈልግም፤ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ በአራት ማዕዘን ቆርጠው ይጠቀሙ። ብሩሽ በርሜል ውስጥ እያለ አቅጣጫ አይለውጡ፤ በአፈሙዙ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ነው የሚመለሰው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ፈሳሹ። ሊተኩሱት ያሰቡት የዩጎዝላቪያ ጥይት ይህን ጉዳይ ከቀልድ ያወጣዋል። የዚያ ዘመን ጥይት ከቀለሁ ግርጌ መርፌው የሚመታት መለኮሻ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለ። ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፤ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። በርሜሉ ውስጥ ይለጠፍና ከአየር እርጥበት መሳብ ይጀምራል። በቨርጂኒያ የበጋ ወበቅ ያልታጠበ በርሜል በማግስቱ ቡናማ ሆኖ ሊጠብቅዎት ይችላል።

ጨው በዘይት አይሟሟም። በናፍጣም፣ በነጭ ጋዝም (በኬሮሲን)፣ በአብዛኛው የባሩድ ማጽጃም አይሟሟም። የሚሟሟው በውሃ ነው። ጨው ላይ ዘይት የቀባ ሰው ጨውን ከነእርጥበቱ ሽፋን አልብሶታል፤ ዝገቱ ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። የአባትዎ ናፍጣ ጥላሸትን ያወጣል፣ ቀጭን ዘይትም ትቶ ያልፋል፤ ከጨው ጋር ግን ጉዳይ የለውም። የመስታወት ማጽጃውንም ዝና በዚሁ ይረዱት። ሰዎች በውስጡ ያለው አሞኒያ ጨውን «ያከሽፋል» ይላሉ፤ የሚያከሽፈው ነገር የለም። የሚሠራው በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ከቧንቧ ይገኛል።

ስለዚህ ጓደኞችዎ ትክክል ናቸው፤ ቤት እንደገቡ፣ ያው ዕለት። አፈሙዙን ወደ ታች አዘንብለው ከማጉረሻው በኩል በቀጭን የላስቲክ ቱቦ አንድ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ ያሳልፉ። የፈላ መሆኑ ለጨው አይደለም፤ በርሜሉ ሲግል ራሱን እንዲያደርቅ ነው። ውሃው ወደ እንጨቱ እንዳይገባ ተጠንቅቀው ያፍስሱ፤ በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል የቀረ ውሃ ከጨው ባልተናነሰ ይጎዳል። የማቀባበያውን ፊት አይርሱ። መርፌው የሚወጣባት ቀዳዳና ቀለህ መንጠቆው ሥር ጨው ይደበቅባቸዋል፤ በርሜሉን አሳምረው ማቀባበያውን ያዛጉ ብዙ ናቸው። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ያሳልፉ፤ ከደረቀ በኋላ ወደ ተለመደው ማጽዳት ይግቡ። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው ጣሳ እዚህ ላይ ቦታ አለው፤ ስሙ ራሱ ውሃን ለማባረር ከተሠራበት ሥራ የመጣ ነው፣ የቀረ እርጥበትን ያስወጣል። ለወራት ማስቀመጫ ግን አይመኩበት። በማግስቱ አንድ ነጭ ደረቅ ጨርቅ ያሳልፉ፤ ብርቱካንማ ሆኖ ከወጣ ውሃውን ይድገሙት።

የተለመደው ማጽዳት አጭር ነው። በባሩድ ማጽጃ የራሰ ሁለት ጨርቅ አሳልፈው ሩብ ሰዓት ይተዉት፤ ፈሳሹ እንዲሠራ ጊዜ ከሰጡት ክንድዎ ያርፋል። ከዚያ የነሐስ ብሩሹን ዐሥር ጊዜ ያህል፣ ከዚያ ጨርቅ። ብዙ ሰው ትዕግሥቱን በብሩሽ ይተካና በርሜሉን ያደክማል።

የመዳብ ቅሪት ሌላ ነገር ነው። የጥይቱ ልባስ ቦዮቹ ላይ ይቀራል፤ የሚያወጣው አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ነው፤ ጨርቁ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ መሥራቱን ያውቃሉ። እዚህ ላይ ነው የናይለን ብሩሹ የሚያስፈልገው። የነሐስ ብሩሽና የናስ መግፊያ ራሳቸው መዳብ ስላለባቸው አሞኒያው እነርሱን ይበላና ጨርቁ ለዘላለም ሰማያዊ ይሆናል። «በርሜሉ መዳቡ አላልቅ አለ» ብለው የሚመጡ ሰዎች ሲያወጡ የሚውሉት የገዛ ብሩሻቸውን ነው። ፈሳሹ በርሜሉ ውስጥ ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ከዚያ ካነሰ እርሱን ይከተሉ። መስኮት ይክፈቱ፤ ጓንት ያድርጉ። አሞኒያና በረኪና ደግሞ በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ጨርቅ አይገናኙ፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። ሥራውን ማድ ቤት ውስጥ፣ ልጆች በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ አይሥሩት። ከበርሜል የሚወጣው ጥላሸት እርሳስ አለበት፤ ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

የጨለመው በርሜል ይነጣ ይሆን? በከፊል። መጀመሪያ የሚያገኙት የብዙ ዓመት ጥላሸት፣ መዳብና ዝገት በንብርብር ነው። አንድ ቀን ባሩድ ማጽጃ፣ በማግስቱ መዳብ ማጽጃ፣ እንደገና ባሩድ ማጽጃ እያሉ ቀስ ብለው ይላጡት። ከሥሩ ብረቱ ተቦርቡሮ ከሆነ ቀዳዳዎቹን የሚሞላ ፈሳሽ የለም፤ ከእነርሱ የሚወጣው ግራጫ ጨርቅም አያልቅም። ቦዮቹ ጥርት ካሉ የተቦረቦረ በርሜል ደህና ይተኩሳል። ብርሃን ለማየት ብለው በሚፍቅ ሊጥ አይሞርዱት፤ የሚያልቀው ቀዳዳው አይደለም፣ በዙሪያው ያለው ደህናው ብረት ነው።

ማቀባበያውን ውስጡን መፍታት አለብዎት፤ የደረቀ ዘይት የመርፌውን ሞላ ይይዘውና ጠመንጃው ይከሽፋል። ማውዘር ለዚህ ምስጋና ይግባው፤ ካቻቪቴ አይጠይቅም። ማቀባበያውን ከማውጣትዎ በፊት ጠመንጃውን አቀባብለው የመቆለፊያውን ክንፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲቆም ያድርጉት። ካወጡት በኋላ የኋላውን ክፍል ወደ ግራ እያዞሩ ሲፈቱት መርፌው ከነሞላው ይወጣል። ሞላውን ከመርፌው ለይተው ማውጣት ካላስፈለገ ይተዉት፤ ጉልበተኛ ነው፣ ዐይን ይጎዳል። በነጭ ጋዝ አጥበው፣ አድርቀው፣ በጣም ስስ ዘይት ይቀቡ። በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ፤ ትነቱ ከአንድ ክፍል ማዶ ካለ የውሃ ማሞቂያ እሳት ሊይዝ ይችላልና አይሞክሩት።

ወደ አንበሳው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ሐሳቤ አይለዝብም። እንዲያበራ ምንም አይቀቡት፤ አይፈትጉትም። ይህ ጠመንጃ መንግሥት ከቤልጅግ ያስመጣው፣ የቤልጅግ መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ያሠለጥኑ በነበረበት ዘመን የነበረ ዓይነት ነው፤ ከዚያ በኋላ በስንት እጅ እንዳለፈ ብረቱ ላይ ይነበባል። የአንበሳው መስመሮች ጥልቀት ከፀጉር ብዙ አይበልጥም። አንድ ከሰዓት በሽቦና በብርጭቆ ወረቀት ያበራ ሰው የገዛ ጠመንጃውን ታሪክ ፍቆ ይጥለዋል፤ በገንዘብም ከቆጠሩት የሰብሳቢዎች ገበያ ላይ ዋጋው ይወድቃል። ቡናማው ብረት አይረብሽዎት፤ የረጋ ቀለም ነው። የሚወጣው በጣት ሲነካ የሚያቀልመው ቀዩ ዝገት ብቻ ነው። ዘይት ቀብተው ጥቂት ቀናት ይተዉት፤ ከዚያ በጨርቅ። የማይለቅ ካለ እ.ኤ.አ. ከ1982 በፊት የተመታ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ይፈልጉ፤ 95 በመቶው መዳብ ስለሆነ ከብረቱ ይለሰልሳል፣ የላላውን ዝገት ግን ይፍቃል። በዘይት እያራሱ በጠርዙ ቀስ ብለው ይፋቁ። አንበሳው ላይ ግን ሳንቲሙንም አያሳርፉ፤ ዘይትና የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል።

ከመተኮስዎ በፊት አንድ የጠመንጃ ባለሙያ ይየው። የማቀባበያው ቁጥር ከበርሜሉ ቁጥር ጋር ካልገጠመ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በመለኪያ መታየት አለበት፤ ይህን ንጽሕና አይተካውም። በተኩሱም ዕለት በርሜሉ ውስጥ ያለውን ዘይት በደረቅ ጨርቅ አውጥተው ነው የሚተኩሱት።

ለማስቀመጥ ስስ ዘይት በቂ ነው። ዘይት የተቀባውን ጠመንጃ የመጀመሪያውን ሌሊት አፈሙዙን ወደ ታች አድርገው ያቁሙት፤ ትርፉ ወደ ሰደፉ አንገት ከወረደ እንጨቱን ያለሰልሰዋል። የቆዳ አፎት ካለው ለብቻው ይስቀሉት። ቆዳ እርጥበትና የማልፊያ ጨው ይይዛል፤ ጠመንጃን በውስጡ አቆይቶ በቅርጹ ልክ የዛገ ብረት ማውጣት የተለመደ ነው።

እንጨቱን አይላጉት፣ ቫርኒሽም አያልብሱት። በትንሽ ነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ እድፉን ካነሱ በኋላ የተቀቀለ የተልባ ዘይት በመዳፍዎ እያሹ በጣም ስስ አድርገው ይቀቡ፤ አንድ ቀን ይተዉት፤ ከፈለገ ይድገሙት። የተልባ ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ግን ጨምድደው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣሉት፤ ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ ከተከማቸም ያለ ክብሪት ይነድዳል። ውጭ ሽቦ ላይ ዘርግተው ድርቅ ብሎ ሲጠነክር ይጣሉት።